ማራገቢያዋ ጉም ውስጥ የቆመች ዕለት

ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ከወሎ ቆላ ወጥቼ የሳዑዲዋ ጂዛን ቆላ ከገባሁ ገና ዓመት አልሞላኝም፤ ሙቀት ለእኔ ብርቅ አልነበረም። ብርቅ የሆነብኝ ጉሙ ነው። ዓረብ አገር ደርሰው የተመለሱ የሰፈራችን ሰዎች አሸዋውን፣ ባሕሩን፣ ፀሐዩን ሁሉ አውርተውልኛል። ከአል-ዒዳቢ ከተማ በላይ ያለው ተራራ ከቀትር በኋላ ነጭ ሆኖ እንደሚዘጋ፣ ሰው የዘረጋው እጁ እንኳ እንደሚጠፋበት ግን አንድም ሰው አልነገረኝም። ቢነግሩኝም አላምናቸውም ነበር።

እዚያ የወሰዱኝ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው። አክስቴ ከዘመድ ሁሉ ቀድመው የሄዱ፣ በዓረብኛ ከዓረቦቹ እኩል የሚጨቃጨቁ፣ የግራ ጉልበታቸው ግን ከቆየ ሕመም የተነሳ አልታዘዝ ያላቸው ሴት ነበሩ። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ በዚያው ቤት ሾፌር ነበር። ሦስታችንም የአንድ ከፊል ሰዎች ነን፤ ከፊል የምንለው ኢቃማችንን፣ የመኖሪያ ፈቃዳችንን ማለቴ ነው፣ በስሙ ያወጣልንን አሠሪ ነው። ሰውየው ከተራራው ግርጌ ማሽላ ያመርታል፣ ፍየል ያረባል፣ ከቤቱ ጓሮ ደግሞ ሰፊ የፉል ቦታ አለው።

ፉል ስላችሁ ጠዋት በዳቦ የሚበላውን እንዳታስቡ። ነጭ አበባ ነው፤ አንድ ፍሬ ብቻ ቤት ውስጥ ከዋለ ቤቱ ሁሉ ይሸታል። የጂዛን ሴት ያለ ፉል ሰርግ ቤት አትገባም። ሙሽራዋማ ከአናቷ እስከ ደረቷ በፉል ጉንጉን ትሸፈናለች። አበባው ገና እምቡጥ እያለ፣ ጎሕ ሳይቀድ ይለቀማል። ከዚያ አክስቴና እኔ ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብለን፣ እንደ ጣት የረዘመ መርፌ ይዘን በክር እንሰካዋለን፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለን ቅርጫት ውስጥ እናስተኛዋለን፤ ወንድሜ በቫኑ ለሰርገኞቹ ያደርሳል። ሙሽራ አልባሽ ተብለን አንዳንዴ እኛም አብረን እንሄዳለን። የሥራው ጭንቀት እምቡጡ ተዘግቶ እንዲደርስ ማድረግ ነው። መፈንዳት ያለበት ማታ፣ ሙሽራዋ ራስ ላይ ሆኖ ነው። መንገድ ላይ ሙቀት ካገኘው እዚያው ቅርጫቱ ውስጥ ይፈነዳና ከመሸ በኋላ ጠውልጎ ቡናማ ይሆናል።

የቫኑ ኤር ኮንዲሽን ደግሞ እኔ ከመሄዴ በፊት የሞተ ነው። ከፊሉ "ኢንሻአላህ እናሠራዋለን" ይላል፤ ክረምቱ ይመጣል፣ በጋው ይሄዳል። ወንድሜ ግን ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሰው አልነበረም። ከሾፌሩ ጎን ባለው ወንበር ፊት፣ ከክሩስኮቶው በታች፣ አየር እየሳበች ወደ መስታወቱና ወደ ፊታችን የምትነፋ ማራገቢያ አለች። ለማሞቂያም ለማቀዝቀዣም የምታገለግለው ያችው አንዲት ናት፤ እሱ እንደ ዓረቦቹ መርወሓ ይላታል። አገራችን ቆላ ውስጥ ውሃ ለማብረድ ጀሪካን በእርጥብ ጆንያ እንደምንጠቀልል ታውቃላችሁ። ወንድሜም ያንኑ አደረገ። ማራገቢያዋ አየር የምትስብበት አፍ ላይ ውሃ የጠጣ ጆንያ ሰቀለላት። አየሩ በጆንያው ውስጥ አልፎ ሲወጣ እንዴት ደስ ይላል። ጉንጉኑም ሳይፈነዳ ይደርሳል፣ እኛም ላብ አይጨርሰንም። ጆንያው ሲደርቅ ከጠርሙስ ውሃ ማንቆርቆር ብቻ ነው። ከፊሉ ራሱ አንድ ቀን ገብቶ ተቀመጠና ፊቱን ወደ ነፋሱ አዙሮ፣ "ይሄ ሐበሻ ሰይጣን ነው" አለ። ማመስገኑ ነበር። ሌሎች የወሎ ልጆች፣ ፍየል የሚጭኑት ሳይቀሩ፣ ከወንድሜ አይተው በየመኪናቸው ጆንያ ሰቀሉ።

ከጆንያው የሚንጠባጠበው ውሃ የት እንደሚገባ ማንም አልጠየቀም። ማሞቂያውንም ጂዛን ውስጥ ማን ያስታውሰዋል? ተራራ የምንወጣ ቀን ብቻ ነው ወንድሜ ጆንያውን አንስቶ፣ መግፊያዋን ወደ ቀዩ ምልክት አድርጎ ሞቅ ያለ አየር መስታወቱ ላይ የሚነፋው። ያኔ ከትንፋሻችንና ከእርጥቡ ጨርቅ የተነሳ መስታወቱ ላይ የሚቀመጠው ላብ ይጠፋል።

ያን ቀን የከፊሉ ዘመድ ልጁን ይድር ነበር፣ ተራራው ላይ። ከምሳ በኋላ ተነሣን። አክስቴ ከኋላ ከቅርጫቶቹ ጋር ተቀመጡ፣ እኔ ከፊት ከወንድሜ ጎን። ከሜዳው ስንወጣ ፀሐይ ነበር፣ ሁላችንም ተጫዋች ነበርን።

"ቀስ በል አንተ ልጅ፣ ሙሽራ ነው የጫንከው" አሉ አክስቴ።

"ሙሽራዋ እርስዎ ነዎት እንዴ?"

"ብሆንስ ምን ይለኛል? ካንተ የተሻለ ጥርስ አለኝ።"

"ጥርሱን ተዉት፣ ጉልበቱን ነው ባልየው የሚጠይቀው።"

"ባልየው ይሸከመኝ። አንተን አምስት ዓመት አዝዬሃለሁ፣ እኔን አንድ ቀን የሚያዝለኝ ይጥፋ?"

ወንድሜ በአንድ እጁ ነበር የሚነዳው። ሁሌም እንደዚያ ነው፤ ሌላው እጁ መስኮቱ ላይ። "ተራራው ያውቀኛል" ይላል፣ ቀስ በል ሲሉት። እኔም አምነው ነበር። በዚያ አገር የማልፈራው ነገር ቢኖር የወንድሜ መኪና ውስጥ መሆን ነው።

መንገዱ መጠምዘዝ ሲጀምር ጉሙ መጣ። እንደ ደመና ከላይ አልመጣም፤ ከሥር፣ ከገደሉ ውስጥ ተነሥቶ መንገዱን ተሻገረ። በአንድ ጊዜ ተራራው የለም፣ ሰማዩ የለም። ካፊያም ነበረው። ወንድሜ መብራት አበራ፤ መብራቱ ነጩን ነገር አበራው እንጂ መንገድ አላሳየንም። ጆንያውን ነቅሎ እግሬ ሥር ጣለና ማሞቂያውን ከፈተ። ማራገቢያዋ እንደ ታመመች ድመት ጮኸች። ሁለቴ ጮኸች። ከዚያ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝና ዝም አለች።

"ምን ሆነች?" አልኩት።

"ትነሣለች" አለና ቁልፏን አጠፋ፣ አበራ። አልተነሣችም።

የፊት መስታወቱ ከውስጥ ነጭ ሆነ። ሦስታችን የምንተነፍሰው፣ ከኋላ ያለው የእርጥብ ጨርቅ ክምር፣ ሁሉም መስታወቱ ላይ ሄዶ ተቀመጠ። ወንድሜ ሽማጉን ከራሱ አውርዶ ወለወለው፤ ሳይጨርስ ተመልሶ ነጭ ሆነ። መስኮት ከፈትን፤ ጉሙ ራሱ ገባ። ያን ጊዜ ወንድሜ ሁለተኛውን እጁን ከመስኮቱ አንስቶ መሪውን ሲጨብጥ አየሁት።

መቆም አይቻልም። መንገዱ ጠባብ ነው፣ መታጠፊያው ላይ ነን፣ ከኋላ የሚመጣ መኪና እላያችን ላይ ሳይወጣ አያየንም። ወደ ቀኝ ገደል፣ ወደ ግራ መንገዱና ከማዶው የተራራው ግድግዳ። ወንድሜ ራሱን በግራ መስኮት አወጣና፣ "አንቺ በቀኝ በኩል ጎንበስ ብለሽ ዳሩን ንገሪኝ" አለ።

ደረቴ ድረስ ወጥቼ ወደታች አየሁ። በመንገዱ ዳር ኖራ የተቀቡ ድንጋዮች ተደርድረዋል።

"ምን ይታይሻል?"

"ድንጋይ።"

"ከጎማው ምን ያህል ይርቃል?"

"አንድ ክንድ።"

ትንሽ ሄደ።

"አሁንስ?"

"ስንዝር ነው፣ ወደ ግራ፣ ወደ ግራ።"

"ያላ፣ አሁንስ?"

"ድንጋዩ የለም።"

"እንዴት የለም?"

"የለም ወንድምዬ። ከጎማው ቀጥሎ ምንም የለም።"

ፍሬኑን ረገጠ። ቅርጫቶቹ ወደፊት ተንሸራተቱ። አክስቴ ከኋላ "ቢስሚላህ" አሉ፣ በቀስታ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ። ወንድሜ የእጅ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ሳበና ለጥቂት ጊዜ ግንባሩን መሪው ላይ አስደገፈ።

ወደ ኋላ መመለስ ወደ ፊት ከመሄድ የባሰ ነው። አክስቴን አውርደን ግድግዳው ሥር እንዳናስቀምጣቸው፣ የኋላው ተንሸራታች በር የሚከፈተው በቀኝ፣ በገደሉ በኩል ነው፤ በፊቱ ወንበር መሐል እንዳይሾልኩ ጉልበታቸው አይታጠፍም። "እኔን ተዉኝ፣ መኪናዋን አስነሡ" አሉ። መስታወቱ ካልጠራ እዚያ ነን ማለት ነው።

ወንድሜ ከመሪው ሥር ያለውን የፊውዝ ሳጥን ከፈተ። የማራገቢያዋ ፊውዝ ተቃጥሏል። የቴፑን ፊውዝ ነቅሎ በቦታው ሰካ፤ ቁልፏን ሲያበራት እሱም ተቃጠለ።

"ተቀርቅራለች" አለ። "ማዞር አቅቷት ነው የምታቃጥለው። ወርዳ ካልተጸዳች ሌላ ፊውዝም ይቃጠላል።"

ካቻቢቴ አወጣና የፊቱን መሳቢያ ነቅሎ ጣለው። ከውስጥ የማራገቢያዋ ክብ ቂጥ ታየ፣ በሦስት ብሎን የታሰረች። እጁን ሰደደ፤ አንጓው ላይ ቆመ። አጣሞ ሞከረ፤ ቆዳው ተላጠ እንጂ አልገባም። የእኔን እጅ አየ። ፉል ስሰካ አክስቴ "የድመት እጅ" የሚሉኝ በከንቱ አልነበረም።

"አንቺ ነሽ የምትፈቺው።"

"እኔ መኪና ፈትቼ አውቃለሁ?"

"እኔስ እሷን ፈትቼ አውቃለሁ? ከሥር እየዳበስሽ ፍቺ። ስትወርድ ሽቦዋን እንዳትበጥሽ። በእጅሽ አዙሪያት፤ እንደ ልብ እስክትዞር ድረስ እንዳትሰኪያት። የቀረችን የክላክሱ ፊውዝ ናት። እሷ ከተቃጠለች ኸላስ።" የክላክሱን ፊውዝ ነቅሎ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ።

"ክላክስ ከሌለ እንዴት ነው ከኋላ የሚመጣው የሚሰማን?"

የወተት ዱቄት ጣሳና የጎማ መፍቻ ብረት ይዞ ወረደ። ሽማጉን፣ ያንን ቀይና ነጭ ሽማግ፣ ክንዱ ላይ ጠቀለለ። በጎኑ መስኮት ሲያልፍ ትከሻውን አየሁት፣ ከዚያ ምንም አላየሁም። ጣሳውን መምታት ጀመረ። ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ድምፁ እየራቀ ሄዶ ከኋላችን፣ መታጠፊያው መጀመሪያ ላይ ቆመ።

እስቲ አስቡት። የማያየውን መኪና ለማስቆም ወንድሜ የማይታይበት ቦታ ላይ ቆሟል። እኔ ወለሉ ላይ ተንጋልዬ፣ ራሴን ከክሩስኮቶው ሥር ከትቼ፣ ምን እንደሆነ የማላውቀውን ነገር እዳብሳለሁ። እሱ እዚያ የሚቆመው እኔ እስክጨርስ ነው። ስዘገይ የምዘገየው በእሱ ሕይወት ላይ ነው።

የመጀመሪያው ብሎን ዝም ብሎ ወጣ። ሁለተኛው ዝጎ ነበር፤ ካቻቢቴው ተንሸራትቶ ጉንጬን ወጋኝ። አክስቴ በወንበሮቹ መሐል እጃቸውን ዘርግተው ትንሽ ጠርሙስ አቀበሉኝ። ለጉልበታቸው ማሻ የሚይዙት የሰሊጥ ዘይት ነው፣ የዚያው አገር።

"ብሎን በዘይት ይለዝባል?" አልኳቸው።

"የኔ ጉልበት ለዝቧል። ሞክሪ።"

አንጠባጠብኩበት። ቋ፣ ቋ፣ ቋ ይላል ጣሳው። ብሎኑ ተነቃነቀ። ሦስተኛው ሲወጣ ማራገቢያዋ ደረቴ ላይ ዱብ አለች፣ ከነሽቦዋ። አፏ ላይ እንደ ወንፊት ክብ የሆነ፣ ዙሪያውን ጥርስ ያለው ነገር አላት፣ የምትሽከረከረው እሱ ነው። ጥርሶቹ መሐል የደረቀ የፉል እምቡጥ ሞልቷል። አዞርኳት፤ አትዞርም። ዘንጓ ላይ የጆንያ ክር ተጠምጥሞ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ ከዝገቱ ጋር እንደ ጭቃ ሆኗል። ስንቱን መንገድ የተጎነጨችውን ጆንያ ነው አንገቷ ላይ የጠመጠመችው።

"ክሩን አየሁት" ብዬ ጮህኩ። የሚሰማኝ የለም፤ እሱ ሩቅ ነው።

ጣቴ አይገባም። ካቻቢቴው ወፍራም ነው። አክስቴ ሳልጠይቃቸው የፉል መርፌያቸውን ከራስ መሸፈኛቸው ነቅለው ሰጡኝ፤ ሁሌም እዚያ ነው የሚሰኩት። በመርፌው ጫፍ ክሩን ከዘንጉ ሥር እየለቀምኩ መጎተት ጀመርኩ። ይበጠሳል፣ እንደገና እፈልጋለሁ። ሰው አበባ ለመስካት የተማረውን እጅ እንዲህ ላለ ነገር ይፈልገዋል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ከዚያ የሞተር ድምፅ ሰማሁ። ከሥር፣ ከኋላችን፣ ማርሽ እየቀየረ የሚመጣ። ፍጥነቱን ከድምፁ ታውቁታላችሁ፤ ጉም ያልያዘው መንገድ ላይ እንዳለ ሰው ነበር የሚመጣው። ጣሳው ፈጠነ። ቋቋቋቋ። ወንድሜ በዓረብኛ ሲጮኽ ሰማሁ፣ "ወግፍ፣ ወግፍ"፣ ቁም ማለቱ ነው። ጎማ ጮኸ። ጣሳው አንድ ጊዜ ብቻ፣ እንደ ተረገጠ ነገር፣ ጮኸና ዝም አለ። ከዚያ አንድ ነገር የቫኑን ግራ ጎን ፋቀው፣ ስፔኪዮው ተሰብሮ ሲወድቅ ሰማሁ፣ መኪናችን ተናወጠች፣ ወደ ገደሉም ዘንበል አለች፣ ቆመች። የመጣው መኪና ሳይቆም ወደላይ አለፈ። ድምፁም ጉሙ ውስጥ ገባ።

የካፊያው ድምፅ ብቻ ቀረ።

"ወንድምዬ" ብዬ ተጣራሁ። መልስ የለም። ደግሜ ተጣራሁ። ማራገቢያዋን ከደረቴ ላይ ላነሣ ስል አክስቴ ትከሻዬን ያዙኝ።

"የት ልትሄጂ ነው?"

"ልፈልገው ነው እንጂ።"

"ወጥተሽ ምን ታያለሽ? አንቺንም ሌላ መኪና ይወስድሻል። ያንን ክር ጨርሺ።"

"አክስቴ፣ አይመልስም እኮ።"

"ሰምቻለሁ። እኔም ጆሮ አለኝ። እጅሽን አታቁሚ።"

ድምፃቸው እንደ ሁልጊዜው ነበር። እጃቸው ግን ትከሻዬን አጥብቆ ይዞ ነበር፣ ጥፍራቸው በቀሚሴ በኩል እስኪሰማኝ። መርፌውን መልሼ ሰደድኩ። እንባዬ ወደ ጆሮዬ ይወርዳል፣ አላብሰውም፤ እጄ በዘይት ተነክሯል። እየለቀምኩ ለእናቴ ምን ብዬ እንደምነግራት አስብ ነበር። በቴፕ ቀድተን ነው ያን ጊዜ መልእክት የምንልከው፤ ካሴቱን ከፍቼ መጀመሪያ ምን እላለሁ? ሰላምታውን ከማን ነው የምጀምረው? እንዲህ ያለ ነገር ነው የመጣልኝ።

የመጨረሻው ክር ሙሉ ሆኖ ወጣ፣ ረጅም፣ ጥቁር፣ እንደ ፀጉር። ዘንጉ ጫፍ ላይ አንድ ጠብታ ዘይት አደረግሁ። በጣቴ መታ አደረግኋት። ዞረች። እንደገና መታ አደረግኋት፣ ስትዞር፣ ስትዞር፣ በራሷ ጊዜ ቆመች።

ያኔ የሾፌሩ በር ተከፈተ።

ወንድሜ ነው። ጭቃ ለብሷል፣ ሽማጉ የለም፣ ጣሳው የለም፣ ብረቱን ግን እንደ ጨበጠ ነው። ገብቶ ተቀመጠ። አክስቴ "አልሐምዱሊላህ" አሉና እጃቸውን ከትከሻዬ አነሱ።

"ተመታህ?" አሉት አክስቴ።

"አልተመታሁም። ሽማጉን ነው የወሰደው። ከክንዴ ላይ ነው የወሰደው።"

"ለምን አልመለስክላትም፣ ስትጣራ?"

"ሰምቻታለሁ" አለ። "ድምፅ አልወጣ አለኝ።"

ኪሴ ውስጥ የከተትኩትን ፊውዝ አውጥቼ ሰጠሁት። ሳጥኑ ውስጥ ሊሰካው ሲሞክር ጫፉ ቀዳዳውን አያገኝም፣ ግራና ቀኝ ይመታል። ይህ ሰው እየነዳ በአንድ እጁ ብርቱካን የሚልጥ ነው። ሁለተኛም ሦስተኛም ሞከረ። ተቀበልኩትና ሰካሁት። ማራገቢያዋንም እኔው መልሼ አስገባሁ፤ ሁለት ብሎን አሰርኩ፣ ሦስተኛው የት እንደወደቀ አላየሁም። ሽቦዋንም አጠበቅሁ።

"አብራት" አልኩት።

እጁን ዘርግቶ ቁልፏ ላይ አስቀመጠና አላዞረውም። ፊውዟ አንድ ናት፤ ሁላችንም እናውቃለን። አክስቴ ከኋላ ተጠግተው በእሱ ጣቶች ላይ የራሳቸውን ጣቶች አድርገው አዞሩት።

መጀመሪያ አጉረመረመች። ከዚያ ነፈሰች። ከአፏ የጆንያ ብናኝ፣ የደረቀ አበባ፣ የተቃጠለ ሰሊጥ ሽታ ፊታችን ላይ ተፋች። ቀጥሎ ሙቀቱ መጣ። ከመስታወቱ ታች ጥግ መዳፍ የምታህል ቦታ ጠራች፤ አደገች፤ እንጀራ አከለች። ዝናብ መጥረጊያው ውጪውን እየጠረገ እኛ ውስጡን እያየን፣ መንገዱ ከፊታችን ቀስ እያለ ወጣ። ጉሙ አልሄደም፣ ግን ሁለት ሦስት መኪና የሚያህል ርቀት ይታያል።

በቀኝ በኩል የነበረውንም አየነው። የፊት ጎማችን አስፋልቱ ያለቀበት ላይ ቆሟል። ኖራ የተቀባው ድንጋይ ከነበረበት ቦታ ተነቅሎ ከሥር ወድቋል፣ ከእኛ በፊት በሌላ ሰው ሳይሆን አይቀርም። ወንድሜ ለረጅም ጊዜ አየው። አክስቴም የሚቀልዱበት አላገኙም።

ወደ ግራ ጠምዝዞ ወጣ። በሁለት እጁ። የቀረውን መንገድ ሁሉ ማራገቢያዋ ታጓራለች፤ እኔ ቁልፏ እንዳትጠፋ በጣቴ ይዣት ነበር፣ መያዜ ምንም እንደማይጠቅም እያወቅሁ። ሙቀቱ ከኋላ ደርሶ ፉሉ ቅርጫት ውስጥ መፈንዳት ጀመረ። ሽታው መጀመሪያ ደስ አለ፣ ቀጥሎ ራስ አዞረ። ማሞቂያውን እናጥፋው የሚል ሰው አልነበረም።

ሰርጉ ቤት ስንደርስ ሴቶቹ ቅርጫቱን ከፍተው ተቆጡ። "ይሄ ምንድን ነው፣ የትናንት ነው?" አለች የሙሽራዋ እናት። አክስቴ ደጃፉ ላይ ተደግፈው ቆመው፣ "የዛሬ ነው፣ እኛም የዛሬ ነን፤ ከፈለግሽ ተቀበይ፣ ካልፈለግሽ መልሺን" አሏት፣ በሚያምር ዓረብኛ። ሴትየዋ የእኔን ፊት፣ የጉንጬን ደም፣ የቀሚሴን ዘይት አየችና ተወችው። ያልፈነዳውን ለሙሽራዋ መረጥን፤ የፈነዳውን እንግዶቹ እዚያው ራሳቸው ላይ አደረጉት። ወንድሜ ወንዶቹ ጋ ገብቶ እንዲበላ ቢጠሩትም አልገባም። ቫኑ ውስጥም አልተቀመጠም። ከግቢው ግድግዳ ጋር ተጠግቶ ቆሞ ነበር፣ ሳየው።

በማግስቱ ጉም የሚባል ነገር አልነበረም። ሰማዩ እንደ ታጠበ ነበር፤ እስከ ሜዳው፣ እስከ ባሕሩ ድረስ ይታያል። በዚያች መታጠፊያ ስናልፍ አክስቴ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ እኔም ጨፈንኩ። ወንድሜ መጨፈን አይችልም።

ቤት እንደደረስን የቫኑን ቁልፍ ለከፊሉ መለሰ። ከፊሉ የታመመ መስሎት ጥቂት ቀን እረፍ አለው። "አልታመምኩም፤ እርሻ ስጠኝ" አለው ወንድሜ። ከፊሉ ሳቀ፣ ከዚያ እንደማይቀልድ ገባውና ባይሽ የሚባል ቦታ ባለው በራሱ ወንድም እርሻ ላይ መደበው። ወንድሜ እዚያ ማሽላ ውሃ እያጠጣ፣ ፍየል እየጠበቀ ቆየ፤ አገር ቤት ከገባ በኋላም መሪ አልጨበጠም። ወደ ባይሽ የሄደ ቀን የጭነት መኪናው ሾፌር ከፊት ና ብሎት ነበር። እምቢ አለ። ከኋላ ጭነቱ ላይ ወጥቶ፣ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ፣ ከኋላ የሚመጣውን መኪና እያየ ሄደ።